ሦስተኛውን ጋርኒሲዮን ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአባቴን ፔጆ 404 ሞተር አሳድሼ ከጨረስኩ ዓመት አልሞላኝም። የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ብሎክና በላይኛው ክዳኑ፣ በቴስታታው፣ መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ግን ሁለት ጊዜ ተቃጥሎብኛል። መጀመሪያ ወደ አዋሽ ስንወርድ፣ ሁለተኛው እዚሁ ቸርችል ጎዳና ዳገቱ ላይ። ሁለቱም ጊዜ የተበላው በ2ኛና በ3ኛ ሲሊንደር መሀል ነው። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ተልጓል፤ ፊቱ ተፍቆ ተስተካክሏል። መካኒኩ ሙቀት እንዳይበዛ ብሎ ተርሞስታቱን (ውሃው እስኪሞቅ መንገዱን የሚዘጋውን) አውጥቶታል። ብሎኖቹን የሚያጠብቀው በእጁ ልምድ ነው። አሁን ሦስተኛ ጋርኒሲዮን ልገዛ ነው። እንደ ድሮው ዓይነት ልግዛ ወይስ ውዱን፣ ባለ ብረት ንብርብሩን? ሲሊኮንስ ይቀባ ወይስ ይቅር? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። አጭሩን ልንገርህ፤ የትኛውንም አትግዛ። ገና ነው። ጋርኒሲዮኑ መናኛ ቢሆን ኖሮ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይበላ ነበር። ሁለት የተለያየ ጋርኒሲዮን እዚያው ቦታ ላይ ሲቃጠል ግን ጣጣው ከሥሩ ነው። የኔ ጥርጣሬ ላይነሮቹ፣ ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች፣ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

(ቮልስ ያላችሁ ይህን ጽሑፍ መዝለል ትችላላችሁ። የእናንተ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ይሄ ጣጣ አይመለከታችሁም። ሌላ ጣጣ ግን አላችሁ።)

404 ደካማ መኪና አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈ መኪና ነው። በዚያ አቧራና ጭቃ ውስጥ የዋለ ሞተር ቸርችል ጎዳና አይገድለውም። ግን አንድ ጠባይ አለው፤ እሱን የማያውቅ መካኒክ ቢነካው ይበቀላል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ከብሎኩ ጋር አብሮ የተቀረጸ አይደለም። አራቱ ላይነሮች ለየብቻ የሚገቡ ቱቦዎች ናቸው። ውሃው ውጪያቸውን በቀጥታ ይነካል። ከታች ቀጭን ማሸጊያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከላይ ደግሞ ከብሎኩ ፊት በጣም ትንሽ፣ ፀጉር በምታህል፣ ከፍ ይላሉ። ያቺ ከፍታ ናት ሥራውን የምትሠራው። ቴስታታው ሲጠብቅ የጋርኒሲዮኑን የእሳት ቀለበት፣ ሲሊንደሩን ዙሪያውን የሚያሽገውን፣ የሚጨፈልቀው በዚያች ጠርዝ ላይ ነው።

አሁን አንደኛው ላይነር ከጎረቤቱ ዝቅ ቢል ምን ይሆናል? ቴስታታው የሚያርፈው ከፍ ባለው ላይ ነው። ዝቅ ባለው ላይ ያለው ቀለበት አይጨፈለቅም። የ404 ሲሊንደር ስፋቱ 84 ሚሊ ሜትር ነው። ቤንዚኑ ሲፈነዳ ግፊቱ 40 ባር ቢደርስ፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከ2 ቶን ያልፋል። ያ ኃይል ላላ ያለውን ቦታ ፈልጎ ያገኛል። መጀመሪያ ክር የመሰለ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ከዚያ በዚያች መስመር እሳት ማለፍ ይጀምራል፤ በሳምንት ውስጥ ጋርኒሲዮኑ ተበልቶ ታየዋለህ። በሁለት ሲሊንደር መሀል ደግሞ ቦታው ጠባብ ነው፣ ሙቀቱም ከሁለቱም ወገን ይመጣል። ለዚህ ነው በ2 እና በ3 መሀል ስትለኝ ላይነር ላይነር የሸተተኝ።

እንዴት ዝቅ አለ ብትል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሞተሩ ሲታደስ ከሥር ያለው ማሸጊያ አሮጌው ተመልሶ ገብቶ ይሆናል፣ ወይም የሚያርፍበት ቦታ ላይ ዝገትና ቆሻሻ ቀርቶ ይሆናል። ሁለተኛው የበለጠ የምጠረጥረው ነው። መካኒክህን ቆጣ ሳትል ጠይቀው፤ «ቴስታታው ወርዶ ሳለ ፒስተኖቹን ለማጽዳት ሞተሩን አዙረኸው ነበር?» በለው። አብዛኛው ሰው ያዞራል። ላይነሩ የማይነቀል ሌላ መኪና ላይ ችግር የለውም። 404 ላይ ግን ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ላይነሩን ይዞት ይነሳል። የታችኛው ማሸጊያ ይላቀቃል፣ ከውሃው መንገድ የተረፈች ፍርፋሪ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ያ ላይነር ወደ ቦታው አይመለስም። ቴስታታው ሁለት ጊዜ ወርዷል፤ ሁለት ጊዜም ዕድሉ ነበረው ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ቴስታታውን ካወረዳችሁ በኋላ ማንም ሰው ሞተሩን አያዙር። የራሱን የቴስታታ ብሎኖች፣ አጠር ያለ የቧንቧ ቁራጭና ሰፊ ሮንዴላ ተጠቅማችሁ ላይነሮቹን ወደ ታች ያዟቸው። በኃይል አይደለም፤ እንዳይነሱ ብቻ። የብሎኩን ፊት በፕላስቲክ መፋቂያ አጽዱ፤ የብረት ብሩሽ የገጠመ ድሪል እንዳይነካው። ከዚያ ዲያል ጌጅ፣ ጥቃቅን ከፍታ የሚለካው ባለ መርፌ መለኪያ፣ ይምጣ። እግሩን ብሎኩ ላይ አቁሙና ዜሮ አድርጉት። መርፌውን ወደ ላይነሩ ጠርዝ አሳልፉ። በእያንዳንዱ ላይነር አራት ቦታ ለኩ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ግራና ቀኝ። አሥራ ስድስቱንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። የሚፈቀደው ከፍታ በመኪናው ማኑዋል አለ፤ ከዚያ ወስደህ አስተያየው። ከከፍታው በላይ ግን እኔን የሚያስጨንቀኝ ልዩነቱ ነው። በጎረቤታሞች መካከል ልዩነቱ ከጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ካለፈ መውጣት አለባቸው። ይወጣሉ፣ መቀመጫቸው ይጸዳል፣ አዲስ ማሸጊያ ይገባል፣ እንደገና ይለካል። አሰልቺ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ግን ሦስተኛ ጋርኒሲዮን ከመግዛት ይረክሳል።

ቴስታታው ተልጓል ብለሃል። ጥሩ። ማን ለካው? ቶርኖ ቤት «ቀጥ ብሏል» ማለትና አንተ ቀጥ ማለቱን ማየት ይለያያል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱ፣ በስፋቱና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም በኩል አጋድመህ ከሥሩ 0.05 ሚሊ ሜትር ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ቆርቆሮ) ሞክር። ከገባ አልተስተካከለም። አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ፤ ቴስታታ በተላገ ቁጥር ኮምፕሬሽን፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እመቃ፣ ይጨምራል። ሦስት አራት ጊዜ የተላገ አሮጌ ቴስታታ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ መግጠም የተለመደ ነው። ኮምፕሬሽኑ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ግን የለም። ኮምፕሬሽን ሲበዛ ሞተር ማንኳኳት ይቀናዋል፤ ይሄ ወደ ሌላው ጉዳይ ይወስደኛል፤ ወደ አዋሹ።

መጀመሪያ የተቃጠለብህ ቁልቁለት ወርደህ ነው። ይሄ አጋጣሚ አይመስለኝም፤ እኔም በወጣትነቴ ያው ደርሶብኛል። አንድ ደንበኛ 404 አምጥቶ «ከለገሃር ተነስቼ ፖስታ ቤትን አልፌ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳልደርስ ይደክምብኛል» አለኝ። እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ሳስቷል፤ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህሉ የለም። ሞተሩ ያንን ያህል አየር ያጣል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ? ለሻማዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር በጆሮዬ እየሰማሁ አዙሬ ታይሚንጉን፣ ሻማው የሚተኩስበትን ጊዜ፣ አስቀደምኩለት። ቤንዚንና አየር በሚያቀላቅለው ካርቡራተርም ቤንዚኑን ቀነስኩ፤ እዚህ በስሱ አየር ቤንዚን ስለሚበዛበት። መኪናው ቸርችልን እንደ ፍየል ወጣ። ደንበኛውም መርቆኝ ሄደ።

በሳምንቱ ወደ አዋሽ ወረደ። አዋሽ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ወፈረ። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ብዙ ሆነ፣ ግፊቱም ጨመረ። ለስስ አየር ያስቀደምኩት ታይሚንግ እዚያ ሲደርስ ከልክ በላይ የቀደመ ሆነ። ቤንዚኑም አነሰው። ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፤ ጣሳ ውስጥ እንደሚንቀጫቀጭ ጠጠር ያለች ድምፅ ናት፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጥ የምትሰማው። እሱ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ማንኳኳት ማለት ፍንዳታው በሥርዓት ሳይሆን በድንገት ሲሆን ነው። ግፊቱ በመዶሻ እንደመምታት ነው። የጋርኒሲዮን የእሳት ቀለበት ይህን አይችልም። መኪናው በጭነት መኪና ተጭኖ ተመለሰ። እኔም ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ በጆሮ ታይሚንግ አልሠራም።

አንተም ብትሆን ታይሚንጉ በስትሮብ መብራት (ሻማው በተኮሰ ቁጥር ብልጭ በሚለው) ታይቶ፣ ማኑዋሉ በሚለው ምልክት ላይ ይሁን። ለአዲስ አበባ ትንሽ ማስቀደም ኃጢአት አይደለም። ግን ከሞጆ በታች የምትወርድ ከሆነ ከመነሳትህ በፊት መልሰው። በካርቡራተሩም እንደዚያው፤ ለአዲስ አበባ የተቀነሰ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) ይዘህ ቆላ አትውረድ። ሬዲዮውንም ዝጋ።

ሁለተኛው እዚሁ ዳገት ላይ የተቃጠለው የሌላ ነገር ውጤት ይመስለኛል። የውሃው። እዚህ ከተማ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ92 ገደማ ነው። ባቄላ የምታበስል ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ተርሞስታት የሚከፈተው በሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። በጤነኛው ሥራና በመፍላት መካከል ያለህ ልዩነት አሥር ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። የሚያድንህ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ግፊት ይዞ መፍያውን ከፍ ያደርጋል። 0.3 ባር የሚይዝ ክዳን አዲስ አበባ ላይ መፍያውን ወደ 100 ዲግሪ ትንሽ አልፎ ይመልሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ምንም አይይዝም። ስንት ሰው ነው ሞተር በብዙ ሺህ ብር አሳድሶ፣ በላዩ ላይ አባቱ የገዙትን ክዳን የሚከድነው? ክዳኑን አስለካ፤ መለኪያው ካልተገኘ አዲስ ግዛ። ግን ትክክለኛ ልክ ያለውን። የበለጠ ግፊት ይሻላል ብለህ ለአሮጌ ራዲያተር ከባዱን አትጫንበት፤ ብየዳው ይለቃል።

ውሃው በሙቀት መለኪያው መርፌ ላይ ሳይታይ ሊፈላ ይችላል። መጀመሪያ የሚፈላው ከቴስታታው ውስጥ፣ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹ አካባቢ ነው። እንፋሎት ሙቀት አይሸከምም። የቴስታታው አልሙኒየም እዚያች ቦታ ላይ ለብቻው ይግላል፣ ይጎብጣል። አልሙኒየም ሲሞቅ የሚረዝመው ከብረት ብሎክ በእጥፍ ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቴስታታ 70 ዲግሪ ሲሞቅ ከብሎኩ በሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ገደማ የበለጠ ይረዝማል። ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ጋርኒሲዮኑ በሁለት ብረት መሀል ይፈተጋል ማለት ነው። ይህ በጤናው ነው። ሙቀቱ ሲዘል የሚሆነውን አንተው ገምት።

ተርሞስታቱን መልሰው። ይሄ «ተርሞስታት ሲወጣ ሞተር ይቀዘቅዛል» የሚባለው ነገር ከከተማችን አልጠፋም። በጠዋት ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ ይዞራል፣ ቤንዚኑ ወደ ዘይት ይወርዳል። ዳገት ስትጀምር ደግሞ ሙቀቱ በድንገት ይዘላል። ለጋርኒሲዮን ከዚህ የከፋ የለም። ተርሞስታቱ ይሠራ እንደሆነ ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አስገብተህ ማየት ትችላለህ። የ404 ማራገቢያም በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያዝና የሚለቅ ነው። ብዙዎቹ ዛሬ አይይዙም። ሞተሩ ሲግል መያዙን ቆመህ እይ። ካልያዘ ግንኙነቱን አጽዳ።

ውሃ ከቧንቧ አትሙላ። ዲስቲልድ (የተጣራ) ውሃና ኩላንት እኩል በእኩል። ስትገዛ ጠርሙሱን እየው፤ ባትሪ ቤት «የባትሪ ውሃ» ስትል አሲድ የሚሰጥህ አይጠፋም። ስትሞላ መኪናውን ዳገት ላይ አፍንጫውን ወደ ላይ አቁመህ፣ የሂተሩን ቧንቧ ከፍተህ፣ ቀስ ብለህ። ፒያሳ አካባቢ ዳገት አይቸግርህም። አየር ከቀረ እዚያው ቴስታታው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከፈላብህ ደግሞ አጥፋና ቁም። በሃይላንድ ውሃ ይዞ የሚሮጥልህን ልጅ አመስግነህ «ቆይ» በለው። የጋለ አልሙኒየም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል።

ብሎኖቹን በእጅ ልምድ ማጥበቅ ላይ አልከራከርም፤ አይሆንም። ቶርክ ሬንች፣ ልኩ ሲደርስ «ጠቅ» የሚል ቁልፍ፣ ተከራዩ። ግን ቶርክ ሬንቹም ብቻውን ይዋሻል። ብሎን ስታጠብቅ ከጉልበትህ ዘጠና በመቶ ገደማው የሚያልቀው በፍትጊያ ነው፤ በጥርሱና በራሱ ሥር። ቴስታታውን ለመጭመቅ የሚተርፈው አሥር በመቶ ገደማ ነው። ጥርሱ የዛገ ከሆነ ሬንቹ «ጠቅ» ይልሃል፣ ቴስታታው ግን ላላ ነው። እዚህ ጋ አንድ ሙከራ ሞክር። ብሎኑን ወደ ብሎኩ ያለ ቴስታታ በጣትህ አዙረው። እስከ መጨረሻው በጣት ካልገባ ጥርሱ ቆሻሻ ነው። ቀዳዳዎቹን በታፕ (ጥርስ ማውጫ) አጽዳ፣ በአየር ንፋ። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ደግሞ ብሎኑ ሲወርድ መውጫ ያጣል፤ ብሎክ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። ጥርሱ ላይና ከራሱ ሥር አንድ ጠብታ የሞተር ዘይት ይበቃል። ከመሀል ጀምረህ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር። የመጨረሻውን ቁጥር ከማኑዋሉ ውሰድ እንጂ ከሰው አፍ አትውሰድ፤ ከእኔም ጭምር።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እንደ ድሮው ዓይነቱን ግዛ። ባለ ብረት ንብርብሩ እንደ መስታወት የለሰለሰ ፊት ይፈልጋል፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ብሎክ ያንን አይሰጥህም። ሲሊኮን አይቀባ። የጋርኒሲዮኑ ፋብሪካ ቅቡ ካላለ ደረቁን ይገባል። የተጨመቀ ሲሊኮን ወደ ውሃ መንገድ ገብቶ ይዘጋል፣ ብሎኖቹም ልክ መጥበቃቸውን ይደብቃል። «ትንሽ ብቻ» የሚልህ ካለ ሌላ መካኒክ ፈልግ።

ከተገጠመ በኋላ አሙቀው፣ አጥፋው፣ አሳድረው። የዚህ ዓይነት ጋርኒሲዮን ከሞቀ በኋላ ይተኛል። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሆኖ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሩብ ዙር ፈታ አድርገህ ወደ ቁጥሩ መልሳቸው። አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን አትፍታ። ቫልቮቹንም እንደገና አስተካክል፤ ቴስታታው ጠብቆ ዝቅ ሲል ክፍተታቸው ይለወጣል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ይህንኑ ድገመው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። «ሠርቷል እኮ» ይላል።

ከዚያ በኋላ ዓይንህ ውሃው ላይ ይሁን። ጠዋት ሞተሩን ስታስነሳ፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ የላይኛው የራዲያተር ጎማ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ከሆነ ውሃው ውስጥ የሚገባው ጋዝ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ የማያቋርጥ አረፋ ካየህም ያው ነው። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ሞተሩን አታስነሳ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነጭ እንፋሎት ግን አያስደንግጥህ፤ ሲሞቅ ይጠፋል። ሞቆም ካልጠፋ፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለውና ውሃው ሳይፈስ ከጎደለ ያኔ ጠርጥር።

አሮጌዎቹን ጋርኒሲዮኖች ጥለሃቸዋል? ካልጣልካቸው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። በተበላው ቦታ ዙሪያ ቀለበቱ ሳይጨፈለቅ እንደ ወፈረ ከቀረ ያ ቦታ አልተጨመቀም፤ ላይነሩ ነው። ተጨፍልቆ ሳለ ከተሰነጠቀና ከተፈረከሰ ደግሞ ማንኳኳቱ ነው። አሥራ ስድስቱን ቁጥር ለክተህ ሁሉም እኩል ሆነው ካገኘሃቸው ቴስታታውን ሳትመልስ ቁጥሮቹን ላክልኝ።